ግልገሉ ያላደገው ዘሩ ሆኖ ሳይሆን ሣሩ ሆኖ ነው

በሰሜን ሸዋ ደጋ ግልገል አላድግ ሲል መጀመሪያ የሚታማው ዘሩ ነው። «የመንዝ በግ እኮ ትንሽ ነው» ይባላል። ትንሽነቱስ እውነት ነው፤ ግን ብርዱንና ችጋሩን ችሎ የኖረ በግ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሣሩ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ድርቆሽ አዘግይቶ ማጨድ ነው። በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱ ያንገበግበኛል። ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ዝናቡም መስከረም መጨረሻ ላይ ጋብ ሲል፣ ማጭድ የሚነሳው ያኔ ነው። ሰው ግን «ትንሽ ይቆይ፣ ይብዛልኝ» ይላል። ከዚያ የገብስ አጨዳ ይደርሳል፣ ጉልበት ያጥራል፣ ውርጩ ይመታዋል፣ ኅዳር ይገባል። ክምሩ ትልቅ ይሆናል፤ ግን አገዳ ነው። ሣር ዘር ከያዘ በኋላ ፕሮቲኑ ይወርዳል፣ አገዳው ይደርቃል። ፕሮቲኑ ከመቶ 7 በታች ሲሆን ደግሞ በበጉ ሆድ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ራሳቸው ይራባሉ። የበላው ሳይፈጭ ይቆያል፣ ሌላ መብላትም ያቅተዋል። ሆዱ ሙሉ፣ ጀርባው ግን አጥንት ይሆናል። እናቲቱ እንዲህ ከሆነች ወተት ከየት ይምጣ? ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በእናቱ ወተት ነው። ያኔ የቀጨጨ በኋላ ሣር ቢጠግብም እኩዮቹ ላይ መድረስ ይከብደዋል።

ድርቆሻችሁን ፈትኑት። ከክምሩ መሀል አንድ እፍኝ ምዘዙ። ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ካልለቀቀ፣ ሽታው ካወደ፣ አገዳው ሲጠመዘዝ ከታጠፈ ጥሩ ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና መዳፋችሁ ላይ ፍሬ ከረገፈ የከመራችሁት ከገለባ ብዙም አይሻልም። እባካችሁ፣ ከገብሱ በፊት ጥቂት ፀሐያማ ቀን ለሣሩ ስጡ። ሁሉን ማድረስ ካልቻላችሁ ግማሹን በጊዜው አጭዳችሁ ለብቻው ከምሩ። እሱ ለሚያጠቡት እናቶችና ለግልገሎቹ ይሁን፤ የዘገየውን በሬው ይብላው።

ሰኔ ላይ መስኩ ለምለም ሲል ደረቅ መኖ ማቋረጥም ስህተት ነው። አዲስ የበቀለ ሣር አብዛኛው ውሃ ነው፣ ተቅማጥ ያመጣል። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ድርቆሽ ይቅመሱ። ማገጥ፣ ያ በመስክ ከሣሩ ጋር የሚበቅለው ባለሦስት ቅጠሉ ተክል፣ በበዛበት መስክም እንዲሁ ነው። ማገጥ ለግልገል ምርጥ መኖ ነው፤ ግን በባዶ ሆዱ፣ ጤዛ ሳይደርቅ ከገባበት ሆዱ ይነፋል።

ረግረግ ላይ አታሰማሩ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ለምለም ሣር የጉበት ትል ይዞ ይጠብቃል። የበጉን የዓይን ቆብ ገልጣችሁ ውስጡ ነጥቶ ካያችሁ፣ ወይም ከመንጋጋው ስር ካበጠ፣ መኖ ከመጨመራችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

አውራውን ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር የሚለቁም አሉ። በግ አምስት ወር ገደማ ታረግዛለች። ጥር ላይ የተጠቃች ሰኔ ላይ ትወልዳለች፤ የመጨረሻውን እርግዝና በደረቅ መስክ አሳልፋ፣ ግልገሏን ለዝናብና ለብርድ ትሰጣለች። ግንቦት ላይ ብትጠቃ ክረምቱን ሣር ስትበላ ከርማ ጥቅምት ላይ ትወልዳለች። እያጠባች ሳለም የገብሱ ቃርሚያ ይደርስላታል። አውራውን ለይታችሁ እሰሩት፣ ትርፉን ወጠጤ አኮላሹት።

መስኩን ሁሉ በአንዴ መክፈትም ልማድ ሆኗል። የመንዝ ሰዎች ጓሳን፣ ያን የጋራ የደጋ ሣር ምድራቸውን፣ ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ሣሩን ለችግር ጊዜ በመዝጋት ነው። በጓሮም ትንሽ ጥግ ማጠር ይቻላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጥር ላይ ደንደን ያለ ጠቦት ይዞ «ለፋሲካ አቆየዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ በጉ የሚግጠው የደረቀ ሣር ነው፤ በልጉ ከቀረማ ጭራሽ ምንም የለም። ጾም ከገባ ደግሞ ገዢ ይጠፋል፣ በጉም ቤት ቆሞ ይከሳል። ፋሲካ ላይ የሚሸጠው ጥር ላይ ከነበረው ቀልሎ ነው። ማቆየት ካለባችሁ ከጥር ጀምሮ ፉርሽካና ትንሽ ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው) ይያዝለት። ይህን መግዛት ካልተቻለ ለጥምቀት ሽጡት።