የአሮጌው ሲቢ 750 ቀይ እንዴት ተመለሰ

ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለውን ሞተርሳይክል እ.ኤ.አ. በ1969 ሲያወጣ ከቀለሞቹ አንዱ ካንዲ ሩቢ ሬድ ነበር። የእኔን የቤንዚን ታንክ ግን ፀሐይ በልታው ወደ ብርቱካናማ ሄዷል።

መጀመሪያ ቀለም ቤት ወስጄ ቀለሙን በሚለካ ማሽን አስነበብኩት። የተቀመመልኝ ቀይ ሲረጭ ሙት ሆነ፤ የጡብ ቀለም በሉት። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንደኛ፣ ያስነበብኩት የደበዘዘውን ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ካንዲ አንድ ቀለም አይደለም። ከሥር ብርማ አለ፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ፣ ከዚያ ቫርኒሽ። ብርሃኑ ቀዩን አልፎ ብርማው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ያ ነው ከውስጥ የሚበራ የሚያስመስለው።

የታንኩን አርማ ስፈታ ከሥሩ ፀሐይ ያላየው ጥልቅ ቀይ ብቅ አለ። በቃ፣ መለኪያዬን አገኘሁ።

ስድስት ቁራጭ ቆርቆሮ ብርማ ቀባሁና ቀዩን ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ረጨሁባቸው። ማታ አምፖል ሥር ሦስተኛው ልክ መሰለኝ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳወጣው ጉዱ ታየ፤ ትክክለኛው አምስተኛው ነበር።

ታንኩንና የጎን ክዳኖቹን አብሬ፣ እኩል ዙር ረጨሁ። አንድ ዙር ከበዛ ይጠቁራልና። መጨረሻ ላይ ማጠንከሪያ ያለው ቫርኒሽ፤ ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይችላል። ጭሱ ግን ለሳንባ መርዝ ነው፣ ያለ ትክክለኛ ጭምብል እንዳትሞክሩት።

አንዱ ክዳን ላይ እጄ ዘግይቶ ጠቆር ያለ መስመር ቀርቷል። ከእኔ ሌላ ያየው የለም፤ አልነካውም።