ከግቢ ሣር ውስጥ ሐረግን እንዴት ማጥፋት ይቻላል?

ዴንቨር ወይም ኦሮራ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ካላችሁ ይህን ሐረግ ሳታዩት አትቀሩም። ቅጠሉ የቀስት ጫፍ ይመስላል። አበባው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ሣሩን ውስጥ ለውስጥ እየተሳበ ይሄዳል፤ አጥር ወይም የጽጌረዳ ግንድ ካገኘ ደግሞ ተጠምጥሞ ይወጣል። ስሙ ባይንድዊድ ነው። ኮሎራዶ በሕግ ጎጂ ብላ ከዘረዘረቻቸው አረሞች አንዱ ነው።

«ነቀልኩት፣ ነቀልኩት፣ ተመልሶ መጣ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው። የዚህ ሐረግ ሥር ወደ ታች 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። እጃችን ላይ የሚቀረው የላይኛው ቁራጭ ብቻ ነው። ታች የቀረው ሥር ምግብ አጠራቅሟል፤ በዚያ ኃይል እንደገና ያቆጠቁጣል። 5 ሳንቲ ሜትር የምታህል የሥር ቁራጭ እንኳ ራሷን ችላ ትበቅላለች። ስለዚህ መሬቱን በማረሻ ማሽን መገልበጥ አንዱን ሐረግ መቶ ማድረግ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። መፍትሔው ሥሩን ማስራብ ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐረጉን በደንብ ለዩት። በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ሐረግ ካያችሁ ፖይዝን አይቪ የሚባለው ቆዳ የሚያሳክክ መርዛማ ሐረግ ሊሆን ይችላል። በባዶ እጅ አትንኩት። አታቃጥሉትም፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

የመጀመሪያው ሥራ ሣሩን ማጠንከር ነው። ባይንድዊድ ጥላ አይወድም። ሣሩን አሳጥሮ መላጨት ፀሐይን ለሐረጉ መስጠት ነው። የማጨጃውን ቁመት 3 ኢንች አካባቢ፣ ማለትም ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጉት። ውሃውንም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት ቀናት እያሳለፉ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል።

ቀጥሎ ሐረጉን መቁረጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግቢውን ዞር ዞር በሉና ብቅ ያለውን ሁሉ ከአፈሩ ዝቅ አድርጋችሁ በቢላ ቁረጡ። አዲሱ ቅጠል ለሥሩ ምግብ መላክ ሳይጀምር መቅደም አለባችሁ። አንድ ወር ከተዘናጋችሁ ሥሩ ያገግማል። አበባውን ዘር እንዲይዝ አትተዉት፤ ዘሩ አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ሊበቅል ይችላል። የተቆረጠውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት።

ኮምጣጤ፣ የፈላ ውሃ፣ ጨው የሚሉ ምክሮችም አሉ። ኮምጣጤና የፈላ ውሃ ሣሩንና የሐረጉን ቅጠል ያቃጥላሉ፤ ሥሩ ግን ደህና ነው። ጨው ደግሞ አፈሩን ያበላሻል።

ሐረጉ ብዙ ቦታ ከያዘ መድኃኒት ያስፈልግ ይሆናል። ሣሩን ሳይገድሉ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚመቱ አሉ፦ ቱፎርዲ፣ ዳይካምባ፣ ኩዊንክሎራክ። ቱፎርዲን አገር ቤት የጤፍና የስንዴ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ግላይፎሴት ግን ሣሩንም አብሮ ይገድላል። ራውንድአፕ የሚል ስም ያለው ጠርሙስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለሣር የተዘጋጀም፣ ሣር የሚገድልም አለ። ጀርባውን ሳታነቡ አትግዙ።

እዚህ ላይ ወሳኙ ጊዜው ነው። ምርጡ ጊዜ መስከረም አካባቢ፣ ውርጭ ሳይመጣ ነው። ያኔ ሐረጉ ለክረምቱ ምግቡን ወደ ሥር ያወርዳል፤ መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል። ውሃ ጠምቶት የጠወለገ ሐረግ መድኃኒት በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ አጠጡት። ከመርጨታችሁ ሁለት ሦስት ቀን በፊትም በኋላም ሣሩን አትጨዱ። ነፋስ በሌለበትና ሙቀት ባልበረታበት ጠዋት እርጩ። ልጆችና ውሻ እስኪደርቅ ድረስ አይግቡ።

አጥር ጥግ ቃሪያና ቲማቲም የተከላችሁ፣ ይህን አደራ ልበላችሁ። ቲማቲም በቱፎርዲ ብናኝ እንኳ ቅጠሉ ይጣመማል። ኩዊንክሎራክ ከተረጨበት ሣር የታጨደውንም የአትክልት መደብ ላይ አታልብሱ። ዳይካምባ ደግሞ በዛፍ ሥር በኩል ገብቶ ዛፉን ሊጎዳ ስለሚችል ከዛፍ ሥር ራቁ። እዚህ ቦታ ላይ በቢላ መቁረጡ ይሻላል።

ኮሎራዶ ውስጥ ፓሊሴድ ያለው የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት የነፍሳት ማራቢያ ይህን ሐረግ የሚያጠቃ በዓይን የማይታይ፣ ማይት የሚባል የሸረሪት ዘመድ የሆነ ተባይ ያራባል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ተባዩ የሚስማማው ደረቅ መሬት ነው፤ ውሃ የሚጠጣ የግቢ ሣር ላይ ብዙም አይሆንለትም።

ሐረጉ ሞቶ ክፍት የቀረውን ቦታ ባዶ አትተዉት። መድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ ጠብቁና የሣር ዘር ዝሩበት። በፀደይ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከዘር የበቀለ ትንሽ ባይንድዊድ መጀመሪያ የሚያወጣቸው ሁለት ቅጠሎች ጫፋቸው ላይ ገባ ያለ ነው። በዚያ ሳምንት ካገኛችሁት ሥሩ ገና ስላልጠለቀ በጣት ተስቦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።