በእስክሪብቶ ቀፎ ኤሲ ጄኔሬተር መስራት

ሜክሲኮ እኛ ጋ መብራት በጠፋ ቁጥር ሱቆቹ በር ላይ ጄኔሬተር ይነሳል፣ የእህቴ ልጅ ደሞ "ውስጡ ምንድነው ያለው" እያለ አላስቀምጥ ሲለኝ አንድ ቅዳሜ አብረን ኤሲ (አቅጣጫው እየተገለባበጠ የሚሄድ ከረንት) የሚሰጥ ትንሽ ጄኔሬተር ሰራን።

ሁለት የድሮ ስፒከር ማግኔት (ምናለሽ ተራ አይጠፋም)፣ ሞተር ከሚጠቀልል ሰው የተረፈ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ቀፎና ቴስተር ይበቃል። ማግኔቶቹን የሚሳሳበው ፊታቸው እንዲተያይ አቁሟቸው፣ ከተገፋፉ አንዱን ገልብጡት። ከካርቶን 4 በ5 ሳንቲም ፍሬም ቆርጣችሁ 300 ዙር ጠቅልሉበት (እጅ ያማል፣ ሙዚቃ ክፈቱ) ከዛ ቀፎውን መሀሉ ላይ አሳልፉና ማግኔቶቹ መሀል እንዲሽከረከር አድርጉት።

አሁን ዋናው ነገር ቀለበቱ ነው። የሽቦው ሁለት ጫፍ እያንዳንዱ ቀፎው ላይ የራሱ ሙሉ የመዳብ ቀለበት ይኑረው፣ በላያቸው የተላጠ ገመድ ነካ አድርጎ ይንሸራተት። ከመጫወቻ ሞተር የተፈታ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀለበት ካደረጋችሁ ግን በየግማሽ ዙሩ ጫፎቹን እያቀያየረ ዲሲ (አቅጣጫው የማይገለበጥ ከረንት) ነው የሚሰጣችሁ።

ከረንቱ ለምን ይገለባበጣል? የሽቦው አንዱ ጎን ሲወጣ ሌላኛው ይወርዳል፣ ግማሽ ዙር ስትሉ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ከረንቱም አቅጣጫውን ይቀይራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍሬሙ ፊቱን ለማግኔቱ ሲሰጥ ነው ቮልቴጁ የሚበዛው ብሎ ነው፣ አደለም፣ እዛ ጋ ዜሮ ነው! በፍሬሙ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ሀይል በጣም የሚበዛው እዛ ቢሆንም ለዛች ቅጽበት አይለወጥም፣ ሳይንቲስቱ ፋራዳይ በ1831 ያገኘው ደሞ ከረንት የሚያመጣው ለውጡ እንደሆነ ነው። ፍሬሙ ጠርዙን ሲሰጥ ነው ቮልቴጁ ጣሪያ የሚነካው።

ማግኔቶቹ መሀል ላይ 0.05 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ካለና በሰከንድ 5 ዙር ካሽከረከራችሁ ከፍተኛው ወደ 1 ቮልት ይደርሳል፣ ድግግሞሹ 5 ኸርዝ (በሰከንድ 5 ሙሉ ዙር)። የቤታችን 50 ኸርዝ ነው፣ በዚሁ ባለ ሁለት ፖል (የማግኔት ዋልታ) አሰራር ለማውጣት በደቂቃ 3000 ዙር ይጠይቃል፣ ለዛ ነው ቀስ ብለው የሚዞሩ የግድብ ጄኔሬተሮች ብዙ ፖል ያላቸው፣ በደቂቃ 300 ዙር ለሚዞር 20 ፖል።

ስትለኩ ርካሿ ቢጫ ቴስተር ኤሲዋ ከ200 ቮልት ስለሚጀምር ምንም አታሳያችሁም፣ ዲሲ 2000 ሚሊቮልት ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ የማይነስ ምልክቷ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ካላለች የሽቦውን ጫፍ እዩ፣ ሽቦውን የሸፈነውን ቫርኒሽ በምላጭ ሳልፍቅ ማግኔቱን ስወቅስ ነው ያመሸሁት።