የዋንዛ ዘር ከአንድ ዛፍ አትልቀሙ

ሐዋሳ ውስጥ ችግኝ አፈላለሁ። ዋንዛ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የችግኙን ቁመት ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ዘሩ ከስንት ዛፍ ተለቀመ?

በበጋ ፍሬው ቢጫ ሲሆን ሁሉም የሚሮጠው መንገድ ዳር ወዳለችውና ቅርንጫፏ ዝቅ ወዳለችው ዛፍ ነው። ጆንያው ቶሎ ይሞላል። ከዚያ ጆንያ የሚወጡት ችግኞች በሙሉ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ ወንድምና እህት ተጋቡ ማለት ነው። ቀጣዩ ትውልድ ይደክማል። በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣ ደግሞ አንዱን የጣለው ሁሉንም ሊጥል ይችላል።

ስለዚህ 30 ያህል እናት ዛፎች ፈልጉ። በመካከላቸው ወደ 100 ሜትር ርቀት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ብዙው ፍሬ እናቱ አጠገብ ስለሚወድቅ ጎረቤት ዛፎች አብዛኛውን ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። ማሳ መሃል ብቻዋን የቀረችውን እለፏት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዘሩንም ከዚሁ ከወይና ደጋው፣ ለምሳሌ ከወንዶ ገነት በኩል ብትለቅሙ ይሻላል። ብቻችሁን 30 ካልሞላላችሁ ከሌላ ችግኝ አፍይ ጋር ተለዋወጡ።

ከእያንዳንዱ ዛፍ አንድ አንድ ጣሳ ውሰዱ፣ እኩል። ፍሬ የበዛላት ዛፍ ጆንያውን እንዳትሞላው። ለወፎችም ተዉላቸው።

ፍሬው ሙጫ አለው፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ በአሸዋ እሹት፣ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት። መደብ ላይ ስትዘሩ የየእናቱን ለየብቻ አድርጋችሁ ምልክት ትከሉ። ለገዢ ስትሰጡ ግን ከየመደቡ ቀላቅሉ። ረጃጅሙን ብቻ ከመረጣችሁ ሳታውቁት ተመልሳችሁ ወደ ሁለት ሦስት እናት ልትወርዱ ትችላላችሁ።

ዝግባና ኮሶ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ኮሶ ሲያብብ የሴቴው አበባ ወደ ቀይ ስለሚያደላ መለየት አይከብድም። ዝግባ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። «ይሄ ፍሬ አያፈራም» ተብሎ የሚቆረጠው ዝግባ ለአካባቢው ሴቴዎች ሁሉ አባት የነበረው ሊሆን ይችላል። እባካችሁ አትንኩት።

የራሳችሁን ዛፍ የምትሸጡበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ነጋዴው የሚጠቁመው ቀጥ ያለውንና ወፍራሙን ነው። በየጊዜው እሱን ብቻ ከሰጣችሁት ለዘር የሚቀረው ጠማማው ነው። ከመደራደራችሁ በፊት ቀጥ ካሉት የተወሰኑትን ለዘር ለይታችሁ ግንዳቸው ላይ ቀለም ቀቡ። ቀለሙን ዝናብ ያጥበዋል፤ በየዓመቱ ከለቀማ በፊት አድሱት።