ላፕቶፑን ያፈጠነው የሚከፈልበት ማጽጃ አይደለም
የእህቴ ላፕቶፕ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። በነጻ የጫነችው ማጽጃ ፕሮግራም በቀይ ጽሑፍ «ብዙ ችግር ተገኝቷል» እያለ ለማስተካከያ ክፍያ ይጠይቃታል። አልከፈልንም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን (ኮምፒውተሩ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን መስኮት) ስከፍት ዲስኩ 100% በሥራ ተጠምዷል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈትቷል። እዚያው ስታርትአፕ ውስጥ ገብቼ ከዊንዶውሱ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዘጋሁ። ማጽጃው ራሱ አንዱ ነበር፤ አጠፋሁት። ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ) ፋይሎችንማ ዊንዶውስ 10 በራሱ ስቶሬጅ ሴቲንግ በነጻ ያጸዳል። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ማጽጃ የሚባለውን ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፈውም፤ ሲስተም ሊያበላሽ ስለሚችል ባትነኩት ይሻላል።

በዚህ ትንሽ ተሻለው። ያዳነው ግን የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) መቀየሩ ነው። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለዚህ ይውጣ። ፋይሎቿን አስቀድሜ ገልብጬ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩ፤ አክቲቬሽኑ (የዊንዶውሱ ፈቃድ ማረጋገጫ) ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ተመለሰ።