ፌስቡክና ኤክስን ያለ ማውስ፦ መጀመሪያ የኪቦርዱን ቋንቋ እዩ

ጅማ ውስጥ ቡና የሚነግድ ዘመዴን የፌስቡክ ገጽ የምይዝለት እኔ ነኝ። የላፕቶፔ ታችፓድ ከተበላሸ ቆየ፣ ማውሱም ጠፋ፤ በኪቦርድ ብቻ መሥራት የለመድኩት ወድጄ አልነበረም። አሁን ግን ማውስ ቢሰጡኝም የምነካው አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ቋንቋውን ቀይሩ። ብዙ ሰው ሾርትከትን፣ ማለትም በማውስ ፈንታ በቁልፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ «እኔ ጋ አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ የጄን ቁልፍ ስትጫኑ ለፌስቡክ የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ነው፤ እሱ የሚጠብቀው ደግሞ የላቲኑን ነው፤ ስለዚህ ዝም ይላችኋል። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብራችሁ ተጫኑና ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ። አፋን ኦሮሞን በቁቤ የሚጽፈው የከተማችን ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ ድሮም ላቲን ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ከመጻፊያ ሳጥን ውጡ። ብልጭ ድርግም የምትለው ሰረዝ ሳጥን ውስጥ ካለች የምትጫኑት ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ከሌለች ትእዛዝ ነው።

ይህን የተማርኩት በሐፍረት ነው። የአንድ የማውቀው ሰው የሐዘን ፖስት ላይ ደርሼ «ለቤተሰቡ መጽናናትን» ልል በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመርኩ። ሰረዟ ሳጥን ውስጥ አልነበረችም። የመጀመሪያው ፊደል ኤል ነው፤ ኤል ደግሞ ላይክ ነው። ለቅሶ ላይ አውራ ጣት! ደግነቱ ኤልን ድጋሚ ስትጫኑት ላይኩ ይነሳል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ቁልፎች ያዙ። ፌስቡክ ላይ ጄ ወደሚቀጥለው ፖስት፣ ኬ ወዳለፈው ይወስዳል። ሲ ኮሜንት ይከፍታል፣ ኤስ ሼር፣ ፒ አዲስ ፖስት። ስላሽ ወደ መፈለጊያው ያስገባችኋል። ሌላውን መሸምደድ አያስፈልግም፤ የጥያቄ ምልክቱን ከተጫናችሁ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል። ቋንቋውን ቀይራችሁም እምቢ ካለ የፕሮፋይል ፎቷችሁን ነክታችሁ «ዲስፕሌይ ኤንድ አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ ግቡ፤ ኪቦርድ በሚለው ስር የነጠላ ፊደል ሾርትከቶችን ማብሪያና ማጥፊያ አለ።

በ2023 (እንደ ፈረንጆቹ) ስሙን ከትዊተር የቀየረው ኤክስም ጄን፣ ኬንና ኤልን እንደዚሁ ይጠቀማል። እዚያ አዲስ ፖስት ኤን ነው፣ መልስ አር፣ ሪፖስት ቲ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኮንትሮልና ኤንተር ይለጥፍላችኋል።

ቃላቱን በተመለከተ ላይክና ሼርን የማያውቅ የለም። ፊድ ማለት ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የፖስት ሰልፍ ነው፤ ዲኤም የምንለው ያው ኢንቦክስ ነው። የሚያሳስተው ሀሽታግ ነው። በአማርኛም ይሠራል፣ ግን ክፍተት ይቆርጠዋል፦ #የጅማ ቡና ብላችሁ ከጻፋችሁ ሀሽታግ የሚሆነው «የጅማ» ብቻ ነው። #የጅማ_ቡና ብላችሁ በስር መስመር አያይዙት።

ኤክስ ላይ የፊደል ገደብም አለ። ለነጻ ተጠቃሚ 280 ነው ይባላል፤ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር ለአማርኛ የሚደርሰን 140 ነው። በደል ይመስላል፤ ግን «ጅማ» በእኛ ሁለት ፊደል ስለሆነ አራት ይቆጠራል፣ በላቲን ሲጻፍ አምስት ነው። ብዙም አልተጎዳንም።

ቴሌግራምን የምትጠቀሙ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ልንገራችሁ። መጻፊያው ባዶ እያለ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ብትጫኑ መጨረሻ የላካችሁት መልእክት ለእርማት ይከፈታል። የኪሎውን ዋጋ ስጽፍ አንድ ዜሮ የዘለልኩ ቀን ያዳነኝ እሱ ነው። ጥግ ላይ መታረሙን የምትናገር ምልክት ግን ትቀራለች፤ ቡና ገዢ ደግሞ እሷን አይቶ «ስንት ነበር ያላችሁት?» ማለቱ አይቀርም።