ውጅግራ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሰደፏን እዩ

አያቴ መንዝ ውስጥ ውጅግራ ነበራቸው። እኔ ስደርስ ጠመንጃዋ ሄዳ፣ የተሰቀለችበት ችካል ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ዛሬ ቨርጂኒያ ቤቴ ውስጥ ሁለት ውጅግራ አሉኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ስለሚሸጡ «ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ወዳጆች በዝተዋል።

መጀመሪያ ባዶ መሆኗን አረጋግጡ። አፈሙዙን ወደ ሰው ሳታዞሩ መቀባበያውን ወደ ላይ አንሱና ወደ ኋላ ሳቡት። ውጅግራ የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ቢሆንም በባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩ። ልተኩስባት አትበሉ። የተሠራችው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ዕድሜዋም ገፍቷል።

ከዚያ ጽሑፏን አንብቡ። ፈረንሳዮች በመኮንኑ በባዚል ግራ ስም «ፉዚ ግራ» ይሏታል፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ ውጅግራ ሆነች። በግራ ጎኗ የፋብሪካው ስምና 1874 የሚል ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የተሠራችበት ዓመት ይመስለዋል። አይደለም፣ የሞዴሏ ዓመት ነው። የተሠራችበት ዓመት በርሜሉ ላይ ለብቻው ተመትቷል። የኔ አንደኛዋ 1877 ትላለች። ሳንጃ ካላት ደግሞ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙሩት፤ የተሠራበት ፋብሪካ፣ ወርና ዓመት በእጅ ጽሑፍ መልክ ተቀርጾበታል። የሳንጃውና የጠመንጃዋ ቁጥር ከገጠመ ዕድለኛ ናችሁ።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል። የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያልና ሳትጠይቁ አትግዙ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ የአያት ውርስ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰደፉ። ውጅግራ ዓድዋ ላይ የነበረች ጠመንጃ ናት። ከዚያም በኋላ ስንት ዘመን ከትከሻ ትከሻ ዞራለች። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ባለቤቱ በጠፍር አስሮ፣ በሽቦ ጠምጥሞ ይዟታል። የመጀመሪያዋን የሸጠልኝ ሰው ሰደፏን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ቀብቷት ነበር። ታበራለች፣ ግን የማን እንደነበረች የሚነግረኝ ምልክት አልቀረላትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የታሰረች፣ የተቧጨረች፣ ፊደል የተቀረጸባት ካገኛችሁ እሷን ምረጡ።

ዝገቱን በቀጭን ዘይት አርሱትና ከ1982 በፊት በተመታች የአሜሪካ ፔኒ ቀስ እያላችሁ ፋቁት። መዳቧ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አትጎዳውም። እንጨቱ ከደረቀ በጣት የተቀባ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። ጠፍሩን ግን እንዳታስነኩት።

የሁለተኛዋ ሰደፍ በጠፍር ተጠምጥሞ ከሥሩ «ወ» የሚል ፊደል በጩቤ ተቀርጾበታል። ለእናቴ በቪዲዮ ሳሳያት ፊደሉን ትታ ጠፍሩን ነው ያየችው። «እርጥቡን ነው የጠፈሩት፤ ሲደርቅ ነው እንዲህ ጥርቅም የሚለው» አለችኝ። ያን ዕለት ያለችውን ሁሉ ቀድቼ፣ ቀኑንም ጽፌ ከጠመንጃዋ ጋር አስቀምጫለሁ።